ጊዜያዊ አሰልጣኝ ምንድን ነው?

ጊዜያዊ አሰልጣኝ ማለት አንድ ክለብ ወይም ብሔራዊ ቡድን ዋና አሰልጣኙን ሲያሰናብት ቋሚ ተተኪ እስኪገኝ ድረስ ቡድኑን ተረክቦ የሚመራ ባለሙያ ነው። ኃላፊነቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የተሰናባቹ ረዳት ለነበረ ወይም የክለቡን ታዳጊዎች ለሚያሰለጥን ሰው ነው፤ ጉስ ሂዲንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ቼልሲን እንደተረከበው ሁሉ ስመ ጥር አሰልጣኝ እስከ ውድድር ዘመኑ ማብቂያ ብቻ የሚቀጠርበትም ጊዜ አለ።

ጊዜያዊው አሰልጣኝ ተጫዋች የማስፈረም ዕድሉ ጠባብ ነው፤ አዲስ አጨዋወት የሚያሰርጽበት የዝግጅት ወቅትም የለውም። የሚቀረው አሰላለፉን ማቅለል፣ የመልበሻ ክፍሉን ማረጋጋትና የተገፉ ተጫዋቾችን ማሰለፍ ነው። ከለውጡ በኋላ የሚታየው መሻሻል ግን ሁሉ የእርሱ ሥራ አይደለም፤ ስንብት የሚመጣው ውጤቱ እጅግ በከፋበት ሰዓት በመሆኑ፣ ቡድኑ ማንም ቢመራው በመጠኑ ማገገሙ አይቀርም።

የኮትዲቯሩ ኤመርስ ፋዬ ታሪክ ግን በዚህ ብቻ አይገለጽም። በ2024 መጀመሪያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጇ ኮትዲቯር በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ስትሸነፍ ዋና አሰልጣኙ ዣን ሉዊ ጋሴ ተሰናበቱ፤ ፌዴሬሽኑም የፈረንሳይን የሴቶች ቡድን ይመራ የነበረውን ኤርቬ ሬናርን በውሰት ጠይቆ ስላልተፈቀደለት፣ ዋና ብሔራዊ ቡድን መርቶ የማያውቀው ረዳቱ ፋዬ ቦታውን ያዘ። በየምድባቸው ሦስተኛ ከወጡት ምርጥ ቡድኖች አንዷ ሆና ለጥቂት ያለፈችው ኮትዲቯር ከሴኔጋል ጋር ስትጫወት እስከ 86ኛው ደቂቃ ድረስ እየተመራች ነበር፤ ፋዬ ቀይሮ ያስገባው ፍራንክ ኬሲዬ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረጋት፣ በመለያ ምቱም የመጨረሻዋን አስቆጠረ። ፍጻሜውን ናይጄሪያን 2 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን ሲያነሱ ፋዬ ቋሚ ሥራውን አገኘ።

ለአሰልጣኙ የሥራ ሕይወት አደገኛው ምዕራፍ፣ በእኔ ግምት፣ ይህ የቋሚነት ሹመት ነው። ጊዜያዊ ሳለ ሽንፈቱ በቀድሞው አሰልጣኝ ይሳበባል፤ ቋሚ ሲሆን ግን ሰበብ የለውም። ሮቤርቶ ዲ ማቴዮ በ2012 በወራት ውስጥ ለቼልሲ የኤፍኤ ካፕንና የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አስገኝቶ ቋሚ ኮንትራት ቢፈርምም፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በዩቬንቱስ 3 ለ 0 በተሸነፈ ማግስት ተሰናበተ። በምትኩ የመጣው ራፋኤል ቤኒቴዝም በጊዜያዊነት ተቀጥሮ በ2013 የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ አንሥቶ ክለቡን ለቀቀ።