ለበዓል ከቤት የሚሠራ የምግብ ስጦታ፦ ድሬና ሐረር ላይ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ በዓል ሲሆን ጎረቤት ቤት በባዶ እጅ አይኬድም። ጥያቄው ምን ይያዝ ነው። ከታይዋን ገበያ የታሸገ ጁስና የውጭ ብስኩት ገዝቶ መሄድ ቀላል ሆኗል። ቤት የሚሠራውን አንዳንዱ ያለ ምክንያት ይፈራዋል። ሌላው ደግሞ መፍራት ያለበትን ነገር ሳይፈራ ይቀራል። እስቲ ወሬዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«በድሬ ሙቀት የቤት ምግብ ስጦታ አይሆንም»

ሙቀቱ እውነት ነው፣ አቦ፣ ማን ይክዳል። ምግብን የሚያበላሸው ግን ሙቀት ብቻውን አይደለም። ሻጋታና ባክቴሪያ ውሃ ይፈልጋሉ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ደርቀዋል፤ የሐረር ሐልዋ ውስጥ ያለውን ውሃ ደግሞ ስኳሩ ይዞታል። ሐልዋ በካርቶን ታስሮ፣ ፍሪጅ ሳያይ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ የሚገባው ለዚህ ነው። ክሬም ኬክ ግን እዚህ ዕድሜው ከኬክ ቤቱ እስከ ባጃጁ ነው። እሱን ተዉት።

«የበዓል ስጦታ ከተባለ ስጋ ወይም ዶሮ ነው»

ይሄ የሚሠራው ጎረቤቶቻችሁ በሙሉ የእናንተ እምነት ተከታይ ከሆኑ ነው። ድሬና ሐረር ላይ እንዲህ ያለ ሰፈር ፈልጋችሁ አግኙ። በልማዳችን ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። የዶሮው ሳህን አንዱ ቤት ይገባል፣ ሌላው ቤት በር ላይ ይቀራል። ቆሎ፣ ማርማላታ፣ ሐልዋ፣ ቡና ግን የማይገቡበት ቤት የለም። እኔ ለበዓል ስሠራ መጀመሪያ የማስበው ይህንኑ ነው፤ አንድ ድስት ሠርቼ ለግቢው ሁሉ መድረስ አለበት።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ከገና በፊት በጾም የሚደርስ ከሆነ ዳቦ ቆሎው በቅቤ ሳይሆን በዘይት ይሠራ። ምግብ የሚያረጋው ጄላቲን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ የሚወጣ ስለሆነ ለጾመኛም ለሙስሊምም ያስቸግራል። ለማርማላታ አያስፈልግም፤ ዘይቱን (ጓቫ የሚባለው ፍሬ) ራሱ ያረጋዋል።

«ወቅታዊ ማለት በየዓመቱ ለበዓሉ ያንኑ መሥራት ነው»

ለገናና ለእንቁጣጣሽ እውነት ነው። እንቁጣጣሽ ሲሆን የሐረር ዙሪያ በለስ ገበያ ላይ አለ። ለገና አዲስ የደረሰ የባቢሌ ለውዝና አዲስ ቡና ይገኛል። ዒድ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። በ2008 ዒድ አልፈጥር ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር፤ በ2018 መጋቢት ውስጥ ነው። ያኔ የተሠራው ነገር ዛሬ ገበያ ላይ ላይኖር ይችላል። ወስኖ ወደ ከፊራ ገበያ ከመሄድ፣ ከፊራ ሄዶ መወሰን ይሻላል።

«ማርማላታ ላይ ስኳሩን በግማሽ ብቀንስ ጤናማ ይሆናል»

ጤናማ ሳይሆን ቶሎ የሚሻግት ይሆናል። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አልገባም፤ ውሃውን የሚያስረው እሱ ነው። ማርማላታ ያለ ፍሪጅ እንዲቆይ መጨረሻ ላይ ከመቶ 60 እስከ 65 የሚሆነው ስኳር መሆን አለበት፣ ፍሬው ውስጥ ያለውን ጨምሮ። ስኳር መቀነስ የፈለገ ይቀንስ፤ ግን ፍሪጅ ያስገባና በሳምንታት ውስጥ ይብላው።

ዘይቱን ለጀማሪ ምርጥ ነው። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን በብዛት አለው፣ በተለይ ገና ያልለሰለሰው። ቆርጣችሁ በጥቂት ውሃ ቀቅሉት፣ ዘሩን ለማስቀረት በወንፊት አጥልሉት። ለአንድ ኪሎ የተጠለለ ዘይቱን አንድ ኪሎ ስኳርና የሁለት ሎሚ ጭማቂ። ከዚያ ሰፊ ድስት ላይ ጣዱትና እያማሰላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ አረፋው ትልልቅ ነው፣ ይረጫል፤ ረጅም ማማሰያ ያዙ። ቆይቶ አረፋው ያንሳል፣ ድምፁም ይወፍራል። ያኔ ፍሪጅ ውስጥ በቆየ ሳህን ላይ ጠብ አድርጉና ትንሽ ጠብቃችሁ በጣት ግፉት። ላዩ ከተሸበሸበ ደርሷል፤ እንደ ሽሮፕ ከፈሰሰ ጥቂት ይቀረዋል።

ፓፓያ የሚመርጥ ሰው ሎሚውን ከቶ እንዳይቀንስ። ፓፓያ አሲዱ ደካማ ነው፤ አሲድ ካነሰ ደግሞ አደገኛ ባክቴሪያ ቦታ ያገኛል።

«ኢንተርኔት ላይ 105 ዲግሪ ስለሚል እስከዚያ ማፍላት አለብኝ»

ያ ቁጥር የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች በ94 አካባቢ። ማርማላታ የሚረጋው የአካባቢው ውሃ ከሚፈላበት በ4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ 100 አካባቢ፣ ሐረር ላይ 98 አካባቢ ይበቃል። 105ን የጠበቀ ሰው ከረሜላ ነው የሚያወጣው።

ጠርሙስ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ታጥቦ ከደረቀ ይበቃል» አይሠራም። ከቆራሌው የተገዛም ሆነ ቤት የተረፈ ጠርሙስ ድሬ ላይ 14 ደቂቃ፣ ሐረር ላይ 16 ደቂቃ ይቀቀል። ማርማላታው በትኩሱ ትኩስ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ከተከደነ በኋላ ጠርሙሱን ውሃ ውስጥ አስምጦ እንደገና ማፍላት አለ፤ በዝቅተኛ ቦታ 5 ደቂቃ የሚባለው ድሬ ላይ 10፣ ሐረር ላይ 15 ይሆናል። ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጊዜው ይረዝማል። የዛገ ወይም የተጣመመ ክዳን ይጣል፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

«ለውዝ ቢሻግትም ከተቆላ ችግር የለውም»

ይሄኛው ያናድደኛል። ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ሻጋታውን እሳት ይገድለዋል፤ መርዙ ግን በቤት መጥበሻ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መፍትሔው ከመቁላት በፊት መልቀም ነው። የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የጠቆረውን፣ የመረረውን አውጡ። እርጥብ ለውዝ አትግዙ፣ በላስቲክም ቋጥራችሁ አታስቀምጡ። በተለይ የለውዝ ቅቤ የምትሠሩ ከሆነ አደራ፤ አንዴ ከተፈጨ ማንም አይቶ ሊለየው አይችልም።

«ዘይት ካለበት ምንም አይነካውም»

ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ በዘይት ሞልቶ በሚያምር ጠርሙስ መስጠት ፋሽን ሆኗል። ፎቶው ያምራል፣ ነገሩ አደገኛ ነው። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚወደውን ቦታ ያገኛል። ሽታው አይለወጥም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። እንዲህ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በ4 ቀን ውስጥም ይለቅ። ስጦታ አይሁን። የሚያቃጥል ነገር ለሚወድ ሰው ደረቅ ሚጥሚጣ ስጡ።

«ማር ከረጋ ስኳር ተጨምሮበታል»

አልተጨመረበትም ማለት አይቻልም፣ መርጋቱ ግን ማስረጃ አይደለም። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ንጹሑም አይሰጥም።

«የቡና ገለባ ስጦታ ቢሰጥ ያሳፍራል»

ሆጃ፣ ማለትም ከገለባው የሚፈላውን መጠጥ፣ የሚያፈላ ቤት ይስማችሁ! የሐረር ቡና ከነሽፋኑ ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ ገለባው ደረቅና ጥሩ መዓዛ ያለው ነው። የተለቀመ ገለባ፣ ትንሽ ቀረፋና ሄል በወረቀት ከረጢት፣ ከሐልዋ ጋር። ካፌይን ግን አለው፤ ማታ እንቅልፍ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ንገሯቸው።

«ከሰጠሁ በኋላ የተቀባዩ ጉዳይ ነው»

ለውዝ የማይስማማው ሰው አለ፣ ስኳር የተከለከለ አለ፣ ማርማላታውን ከፍቶ መስኮት ላይ የሚያስቀምጥም አለ። ጠርሙሱ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦ ዘይቱን፣ ስኳር፣ ሎሚ፤ ታህሳስ 20 ተሠራ፤ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይግባ።