የዋሽንግተን ቤዝቦል ደጋፊዎችና የወርዋሪዎች ቁጥር ሙግት

ዋሽንግተን ናሽናልስ የአሜሪካ ዋና ከተማ የቤዝቦል ቡድን ነው። ከካናዳዋ ሞንትሪያል ተነሥቶ በ2005 ወደ ዋሽንግተን የገባ ሲሆን፣ ከ2008 ወዲህ በአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ በተሠራው ናሽናልስ ፓርክ ይጫወታል። ይህ ዳሰሳ ግን ከቡድኑ ይልቅ ደጋፊዎቹን፣ ከደጋፊዎቹም ጠባይ ጎልቶ የሚታየውን አንዱን ይመለከታል፤ እርሱም የወርዋሪዎችን ቁጥር ይዞ መሟገት ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በርካታ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በሰኔና በሐምሌ ማታ ቀይ ማሊያ ለብሶ ኔቪ ያርድ ጣቢያ ከባቡር የሚወርደውን ሕዝብ ያዩታል፤ ስለምን እንደሚከራከር ግን በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ እምብዛም አያገኙም። ቀኖቹም ወራቱም ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሮቹ

ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ዝቅ ካለች ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሱን ይለቃል። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ አለው፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ የመምታት ተራ ያገኛሉ፤ ሦስት መቺዎች ከጨዋታ ሲወጡም ተራው ያልፋል። ወርዋሪው መቺውን በሦስት ስትራይክ (መቺው በሳተው ወይም መምታት ሲገባው ባሳለፈው ኳስ) ካሰናበተው በእንግሊዝኛው ኬ ፊደል ይመዘገባል። ይህን ፊደል የመረጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጨዋታ መዝገብ አያያዝን ያስፋፋው ሄንሪ ቻድዊክ ነው። መቺው ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ ከተሰናበተ ኬው ወደ ኋላ ዞሮ ይጻፋል። በ1980ዎቹ የኒው ዮርክ ሜትስ ደጋፊዎች ለወርዋሪያቸው ለድዋይት ጉደን በየስንብቱ አንድ ኬ አጥር ላይ ይሰቅሉ ነበር፤ ልማዱ ወደ ሌሎች ሜዳዎችም ተዛምቷል።

ከቁጥሮቹ ሁሉ የታወቀው ኢ.አር.ኤ የሚባለው ነው። በወርዋሪው ላይ የተቆጠሩት ነጥቦች በዘጠኝ ተባዝተው ለወረወራቸው ኢኒንጎች ይካፈላሉ፤ ተከላካዮች በስሕተት ያስገቡት ነጥብ አይታሰብበትም። ከ3 በታች የሆነ ሰው ይከበራል፤ ከ5 ያለፈ ሰው ስሙ ሲጠራ ደጋፊው ራሱን ይይዛል። ሁለቱ ዋና ሊጎች፣ ናሽናል ሊግ በ1912፣ አሜሪካን ሊግ በ1913 ቁጥሩን በይፋ መመዝገብ ጀመሩ። አንባቢን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፦ 6.1 ተብሎ የተጻፈ የኢኒንግ ቁጥር ስድስት ከአንድ ሦስተኛ ማለት እንጂ ስድስት ነጥብ አንድ ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ይህን እስኪያውቅ ድረስ ሒሳቡ አልገባ ብሎት ብዙ ተንከራቷል።

አዲሶቹ ቁጥሮች የመጡት ከጥርጣሬ ነው። ቮሮስ ማክራከን የተባለ ተመራማሪ በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኳሱ ተመትቶ ሜዳ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ያለው ውጤት ከወርዋሪው ችሎታ ይልቅ የተከላካዮችና የዕድል ነው ብሎ ተከራከረ። ከዚህ አሳብ ፊፕ የሚባለው ቁጥር ተወለደ። ፊፕ ስንብቶችን፣ ለመቺው በነጻ የተሰጡ ቤዞችን (ቤዝ ነጥብ ለማስቆጠር በተራ የሚደረስበት ማረፊያ ነው)፣ በኳስ የተመቱ ሰዎችንና ሆም ራኖችን (ከአጥር ውጪ የተመቱ ኳሶችን) ብቻ ይዞ ሌላውን ሁሉ ይተዋል። የአንድን ተጫዋች አጠቃላይ ዋጋ የሚለካው ዋር ደግሞ ሁለት ታዋቂ ስሌቶች አሉት፤ አንዱ በፊፕ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ወርዋሪው ላይ በገቡት ነጥቦች ላይ። ስለዚህ ሁለት ደጋፊዎች ስለ አንድ ሰው የተለያየ ቁጥር ይዘው ሁለቱም ሳይዋሹ ሊጣሉ ይችላሉ።

ዋልተር ጆንሰንና የድሮው ሜዳ

የዋሽንግተን ሰው በወርዋሪ ጉዳይ ሲሟገት ወደ ኋላ መመለሱ አይቀርም፤ ምክንያቱም ከ1907 እስከ 1927 ለቀድሞው የከተማዋ ቡድን ለዋሽንግተን ሴናተርስ የወረወረው ዋልተር ጆንሰን አለለት። በስሙ የተጻፉ 417 ድሎች (ቡድን ሲያሸንፍ ድሉ በአንድ ወርዋሪ ስም ይመዘገባል)፣ ተጋጣሚን ያለ አንዳች ነጥብ የሸኘባቸው 110 ጨዋታዎች፣ ብቻውን ጀምሮ ብቻውን የጨረሳቸው 531 ጨዋታዎች፣ በጠቅላላው 5,914 ኢኒንግ። 110ሩን እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም፤ በዛሬው አሠራር የሚደርስበትም አይኖርም። በመስከረም 1908፣ ገና 20 ዓመቱ ሳለ፣ የኒው ዮርክን ቡድን በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሦስቱንም ያለ ነጥብ ረታ። በመካከል ያረፈባት ቀን እሑድ ነበረች፤ እሑድ በኒው ዮርክ ቤዝቦል አይፈቀድም ነበርና።

በ1913 ጆንሰን 36 አሸንፎ 7 ብቻ ተሸነፈ። የዚያ ዓመት ኢ.አር.ኤው ለብዙ ጊዜ 1.09 ተብሎ ሲጻፍ ኖሮ በኋላ 1.14 ሆኗል። የልዩነቱ መነሻ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ውጤቱ ምንም የማይለውጥ በመሆኑ ሁለቱም ቡድኖች እንደ ቀልድ ያዙት፤ ጆንሰንም ከሜዳው ዳር ተጠርቶ ለመቺዎች ኳስ እያለሳለሰ ወረወረላቸው፤ ነጥብም ተቆጠረበት። ሕጉ ሕግ ነውና 1.14 ትክክለኛው ቁጥር ነው። ያም ሆኖ ለቀልድ የተወረወረ ኳስ የአንድን ታላቅ ሰው መዝገብ ማጉደሉ የዋሽንግተንን ሰው ዛሬም ቅር ይለዋል፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው። የስንብቶቹም ብዛት በአንዳንድ መዝገብ 3,508፣ በሌላው 3,509 ነው፤ በዚህ ግን የሚጣላ ሰው የለም።

ጆንሰን የዓለም ሻምፒዮና ዋንጫ ለማየት 18 ዓመት ጠበቀ። በ1924 ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር በተደረገው ፍጻሜ የጀመራቸውን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ። በሰባተኛው ጨዋታ በዘጠነኛው ኢኒንግ ተተክቶ ገብቶ አራት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወረወረ። ውጤቱ እኩል ሆኖ ጨዋታው በመራዘሙ፣ በ12ኛው ኢኒንግ የዋሽንግተኑ ኧርል ማክኒሊ የመታት ተራ የመሬት ኳስ በተከላካዩ በፍሬዲ ሊንድስትሮም ራስ ላይ ዘልላ አለፈች፤ ጠጠር ነክታ ነው የነጠረችው ይባላል። ዋሽንግተን 4 ለ 3 አሸነፈ። የፊፕ ወገኖች «የዋንጫው ባለቤት ጠጠሯ ናት» ሲሉ ይቀልዳሉ። በጃያንትስ ዘመዶች ፊት እንጂ በዋሽንግተን ሰው ፊት ይህን መናገር ጥሩ አይደለም።

ያ ጨዋታ የተደረገበት ሜዳ ግሪፊዝ ስታዲየም ሲሆን የነበረበት የጆርጂያ አቬኑ ቦታ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከተሰለፉበት ከ9ኛው መንገድና ከዩ ስትሪት መገናኛ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ጥቁር ተጫዋቾች ከዋናው ሊግ ታግደው በነበረበት ዘመን፣ በ1940ዎቹ፣ ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን ብዙ ጨዋታዎቹን እዚያው ያደርግ ነበር፤ በ1943፣ በ1944ና በ1948 የጥቁሮች ሊጎች ሻምፒዮን ሆኗል። የዋናው ሊግ አስተዳደር የእነዚያን ሊጎች ቁጥሮች በ2024 ከራሱ መዝገብ ጋር ሲቀላቅል የግሬይስ ኮከብ ጆሽ ጊብሰን በ.372 የመምታት አማካይ (ከሺህ ሙከራ 372 ያህሉ የተሳካ ምት ማለት ነው) የዘመናት ሁሉ የበላይ ሆነ። የጨዋታዎቹ ብዛት አነስተኛ ነበር የሚሉ አሉ። እንዲያንስ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው።

የመጀመሪያው ሴናተርስ ከ1960 በኋላ ወደ ሚኒሶታ ሄደ፤ በእግሩ የተተካው ሁለተኛው በ1971 ወደ ቴክሳስ። በሁለተኛው ቡድን የስንብት ማታ ዋሽንግተን የኒው ዮርኩን ያንኪስን 7 ለ 5 እየመራ፣ ሊያልቅ አንድ ሰው ሲቀር፣ ሕዝቡ ወደ ሜዳ ገብቶ ሣሩን መንቀል ጀመረ፤ ጨዋታው ለያንኪስ በፎርፌ ተሰጠ። ስለዚህ በዚያ ጨዋታ አሸናፊም ተሸናፊም ወርዋሪ አልተመዘገበም። ከዚያ በኋላ ለ33 ዓመታት በከተማዋ የዋናው ሊግ ቤዝቦል አልነበረም።

የስትራስበርግ ጉዳይ

ናሽናልስ ከመጡ በኋላ ያሉት ዓመታት በቀይና በነጭ ማሊያ፣ በተጠማዘዘው የደብልዩ ፊደል፣ እንዲሁም የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችን መልክ የያዘ ትልቅ ጭንብል ያጠለቁ ሯጮች በሜዳው ዳር በሚያደርጉት ሩጫ ይታወሳሉ። የቴዲ ሩዝቬልትን ጭንብል ያጠለቀው ሯጭ ከ2006 እስከ ጥቅምት 2012 አንድም ቀን ሳያሸንፍ መቆየቱ ራሱን የቻለ ስታቲስቲክስ ነበር። ዋናው ሙግት ግን የተጀመረው ሰኔ 8 ቀን 2010 ማታ ነው። የናሽናልሱ ወርዋሪ ስቲቨን ስትራስበርግ በመጀመሪያ ጨዋታው ፒትስበርግን በሰባት ኢኒንግ ገጥሞ 14 ሰው አሰናበተ፤ በነጻ የሰጠው ቤዝ አልነበረም፤ የመጨረሻዎቹን ሰባት መቺዎች በተከታታይ በስትራይክ ሸኛቸው። ከ40 ሺህ በላይ ሕዝብ ቆሞ ነበር። በዚያው ዓመት የክርኑ ጅማት ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና አደረገ።

በ2012 ሲመለስ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞ ኢኒንጎቹ ይገደባሉ አለ። ከስትራስበርግ አንድ ዓመት ቀድሞ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ያደረገው የቡድኑ ወርዋሪ ጆርዳን ዚመርማንም በ161 ኢኒንግ አካባቢ ቆሞ ነበርና አሠራሩ አዲስ አልነበረም። ስትራስበርግ 15 አሸንፎ 6 ተሸንፎ፣ በ3.16 ኢ.አር.ኤና በ197 ስንብት፣ በ159 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ ላይ በመስከረም መጀመሪያ እንዲያርፍ ተደረገ። ችግሩ ቡድኑ በዚያ ዓመት 98 ጨዋታ አሸንፎ ከሊጎቹ ሁሉ የበላይ መሆኑ ነው። ስትራስበርግ ተቀምጦ እያየ፣ ጥቅምት 12 በተደረገው አምስተኛ የማጣሪያ ጨዋታ ናሽናልስ ሴንት ሉዊስን 6 ለ 0 መሩ፤ በዘጠነኛው ኢኒንግም 7 ለ 5 እየመሩ አንድ ስትራይክ ሲቀራቸው ተንሸራተው 9 ለ 7 ተሸነፉ።

አንደኛው ወገን ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው ይላል፦ ጤነኛ ወርዋሪን አስቀምጦ ዋንጫን ለነገ መቅጠር። ጆንሰንን ይጠቅሳሉ፤ 5,914 ኢኒንግ የወረወረ ክንድ አለ ይላሉ። ሌላው ወገን ጆንሰን በስንት ፍጥነት እንደሚወረውር፣ ከስንት መቺም ጋር እንደሚጋፈጥ አታውቁም፤ የዛሬው ክንድ በየኳሱ ኃይሉን ሁሉ ያወጣል ሲል ይመልሳል። ለዚህ ጸሐፊ ሁለተኛው ያሳምነዋል። ግን ያን ዕለት ማታ ሜዳው ውስጥ የነበሩትን ያሳመነ አይመስልም።

በ2019 መልስ መጣ፤ ወይም መልስ የመሰለ ነገር። ቡድኑ በግንቦት ወር 19 ድልና 31 ሽንፈት ይዞ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ በፍጻሜው ሂውስተን አስትሮስን በሰባት ጨዋታ ረታ፤ በሰባቱም ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። ስትራስበርግ በማጣሪያዎቹና በፍጻሜው 5 አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ በ1.98 ኢ.አር.ኤ ጨርሶ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። በመደበኛው ወቅት 209፣ ከዚያ በኋላ 36 ከአንድ ሦስተኛ፣ በድምሩ 245 ኢኒንግና ትንሽ ወረወረ። በታኅሣሥ የፈረመው የሰባት ዓመት ውል 245 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለአንድ ኢኒንግ አንድ ሚሊዮን መሆኑ ነው። ከውሉ በኋላ የወረወረው ግን በስምንት ጨዋታ 31 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ ብቻ ነው። የአንገትና የትከሻ ነርቭ ሕመም አሸንፎት በ2024 በይፋ ተሰናበተ። ሁለቱም ወገኖች ይህንኑ ታሪክ ለራሳቸው ማስረጃ አድርገው ያነሡታል።

ሸርዘር፣ ዴግሮምና ሰባተኛው ጨዋታ

ወርዋሪው ማክስ ሸርዘር የናሽናልስ የዚያ ዘመን ሌላው ምሰሶ ነው። በ2015 ሁለት ጊዜ ተጋጣሚን ያለ አንዳች ምት ዘጋ፤ ግንቦት 11 ቀን 2016 የቀድሞ ቡድኑን ዲትሮይትን ገጥሞ 20 ሰው በማሰናበት የዘጠኝ ኢኒንግ ክብረ ወሰን ተጋራ። በዚያ ማታ ከ119 ውርወራዎቹ 96ቱ ስትራይክ ነበሩ። በ2016ና በ2017 የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት፣ ሳይ ያንግን፣ አከታትሎ ወሰደ። በ2018 ደግሞ ሸርዘር 18 አሸንፎ 7 ተሸንፎ፣ 2.53 ኢ.አር.ኤና 300 ስንብት ቢይዝም፣ ሽልማቱን የወሰደው የሜትሱ ጄኮብ ዴግሮም ነው፤ ዴግሮም ያሸነፈው 10 ብቻ ሲሆን 9 ተሸንፏል፤ ኢ.አር.ኤው ግን 1.70 ነበር። ከ30 መራጮች 29ኙ ለዴግሮም ሰጡ። ለወርዋሪ የሚጻፈው የድል ቁጥር ዋጋ ማጣቱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምርጫ አይገኝም። የዋሽንግተን ሰው 1.70ን ሊክድ አይችልም፤ 300ውን ግን ሳያነሣ አያልፍም።

የ2019 ሰባተኛ ጨዋታም በቁጥር ወገኖች ዘንድ ገና አልተዘጋም። ሸርዘር ከጥቂት ቀናት በፊት አንገቱን ማዞር ተስኖት አምስተኛውን ጨዋታ ትቶ ነበር፤ በሰባተኛው ግን አምስት ኢኒንግ እየተንገዳገደም ቢሆን በሁለት ነጥብ ወጣ። በሌላ በኩል የሂውስተኑ ዛክ ግሪንኪ በ80 ውርወራ በሰባተኛው ኢኒንግ ተቀየረ። መቺዎች አንድን ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት እንደሚበረቱበት ቁጥሩ ያሳያልና ቅያሪው ከመጽሐፉ አልወጣም። የተተኪውን የዊል ሃሪስን ኳስ የናሽናልሱ ሃዊ ኬንድሪክ ከቀኙ የድንበር ምሰሶ ጋር አጋጭቶ ሆም ራን አደረገው፤ ጨዋታው 6 ለ 2 አለቀ።

የዚያ ማታ አሸናፊ ወርዋሪ ሆኖ የተጻፈው ፓትሪክ ኮርቢን ነው፤ ተተክቶ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወረወረ። የስድስት ዓመት ውሉ 140 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2021 16፣ በ2022 19 ተሸንፎ በሁለቱም ዓመት ከሁለቱ ሊጎች ወርዋሪዎች ሁሉ የበለጠ ሽንፈት ተጻፈበት፤ የ2022 ኢ.አር.ኤው 6.31 ደረሰ። «ገንዘቡ ተበላ» የሚሉ አሉ፤ «ሦስቱ ኢኒንግ ብቻ ዋጋውን ከፍለዋል» የሚሉም አሉ። ኋለኞቹ ክርክሩ ሲጦፍባቸው የሚጠቅሱት ቁጥር የለም፤ ቀዩን የ2019 ኮፍያቸውን ያሳያሉ።