«ስኳር ያው ስኳር ነው» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

አንድ ሰው «ስኳር አለብኝ» ሲለን ወዲያው «ስንት ነው?» እንለዋለን። ቁጥሩን ማለታችን ነው። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት «የትኛው ስኳር?» መባል አለበት ብዬ አምናለሁ። ፕሪሲዥን ሜዲስን የሚባለው አሠራር የቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሕክምናን በጅምላ ከማደል ይልቅ እንደ ልብስ በሰውየው ልክ መስፋት ማለት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ስኳር ሁለት ዓይነት ነው፤ የልጅ እና የአዋቂ»

ዓይነት 1 (ሰውነት ኢንሱሊን የሚያመርቱ ሴሎቹን ራሱ የሚያጠቃበት) እና ዓይነት 2 (ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ የማይታዘዝበት) በብዛት የሚታዩት ናቸው እንጂ ሌላም አለ። በእርግዝና የሚመጣ አለ። ቆሽት በሌላ ሕመም ሲጎዳ የሚመጣ አለ። የአንድ ዘረመል ለውጥ ብቻውን የሚያመጣውም አለ።

ዕድሜም አይለይልንም። ዓይነት 1 በ40 ወይም በ50 ዓመትም ሊጀምር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ትልቅ ሰው ስለሆነ ብቻ «ዓይነት 2 ነህ» ይባልና ኪኒን ይሰጠዋል። ኪኒኑ አልሠራ ይላል። ሰውየው ይከሳል፣ ይዝላል። ይባስ ብሎ «ምግብህን አትጠነቀቅም፣ መድኃኒትህንም በሥርዓት አትወስድም» ተብሎ ይወቀሳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ በሽታው የተሰጠው ስም ነው የተሳሳተው። ሰውነት የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ የሚታዩ አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች) በደሙ ውስጥ መኖራቸውን ማየት ይቻላል። ሲ ፔፕታይድ የሚባለው ምርመራ ደግሞ ሰውነቱ ራሱ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያመርት ይናገራል። ሁለቱ አንድ ላይ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬውን ያጠሩታል።

«ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ከመርፌ አይላቀቅም»

ለዓይነት 1 እውነት ነው። ለሁሉም ግን አይደለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ታሪክም እዚህ ጋ ነው።

ገና ሕፃን ሳሉ፣ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ስኳር የሚይዛቸው ልጆች አሉ። ለረጅም ጊዜ ዓይነት 1 ናቸው ተብለው በመርፌ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ላይ ኬሲኤንጄ11 በሚባል ዘረመል ላይ ለውጥ እንዳለ አወቁ። ኢንሱሊን የሚያመርቱት ሴሎች ላይ ፖታሲየም የሚያልፍበት ትንሽ በር አለ። ስኳር ሲጨምር በሩ ይዘጋል፤ መዘጋቱም ኢንሱሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል። የእነዚህ ልጆች በር ግን አልዘጋ ይላል። ኢንሱሊኑ በሴሉ ውስጥ አለ፤ መውጣት ነው ያቃተው።

ሰልፎኒልዩሪያ የሚባሉት የቆዩ የስኳር ኪኒኖች ደግሞ ሥራቸው ይህንኑ በር መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ላይ ይህ ለውጥ ያለባቸው 49 ታካሚዎች ኪኒኑን ሞከሩ። 44ቱ ኢንሱሊን መወጋት አቆሙ። ስኳራቸውም ከበፊቱ ይበልጥ ተስተካከለ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። የበሽታው ምክንያት ብቻ ታወቀ። ስድስት ወር ሳይሞላው ስኳር የተገኘበት ልጅ ሁሉ የዘረመል ምርመራ ይደረግለት የሚባለው ለዚህ ነው።

ሞዲ የሚባለው በቤተሰብ የሚወረስ ስኳርም እንዲሁ ነው። አንዱ ዓይነቱ በትንሽ መጠን ኪኒን ይገራል። ሌላው የጠዋት ስኳርን ከፍ ቢያደርግም ብዙም ስለማይባባስ፣ ከእርግዝና ጊዜ ውጪ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት እንኳ አያስፈልገውም።

አደራ፣ ይህን አንብቦ ማንም ኢንሱሊኑን በራሱ እንዳያቆም። ዓይነት 1 ለሆነ ሰው ይህ በቀናት ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣ ነው።

«ዘረመሌን ከተመረመርኩ ሁሉም ነገር ይታወቃል»

ከላይ ያየናቸው የአንድ ዘረመል ችግሮች ናቸው። ዓይነት 2 እንደዚያ አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ለውጦች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። እነዚህን ደምሮ ስጋትን የሚገምተው ስሌት ደግሞ በአብዛኛው የተሠራው ከአውሮፓውያን ዝርያ ሰዎች በተሰበሰበ መረጃ ነው። ለሌላው ሕዝብ፣ በተለይ ለአፍሪካውያን፣ ግምቱ ይደክማል። ይህ መስተካከል ያለበት ትልቅ ክፍተት ነው።

ደግሞም «በልክ» ማለት ዘረመል ብቻ አይደለም። ልቡ የደከመ ወይም ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ኤስጂኤልቲ2 ከሚባሉት፣ ስኳርን በሽንት ከሚያስወጡ መድኃኒቶች ከስኳሩ ማነስ በላይ ጥቅም ሊያገኝ ይችላል። ለጓደኛ የሠራ ኪኒን ለእኛም ይሠራል ማለት አይቻልም።

«በዘር ካለ መከላከል አይቻልም»

ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ3,000 በላይ ለዓይነት 2 የተቃረቡ ሰዎችን ተከታትሏል። ክብደት መቀነስ እና እንቅስቃሴ በሽታውን በ58 በመቶ፣ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን ደግሞ በ31 በመቶ ቀንሰዋል። ከ60 ዓመት በላይ ላሉት የአኗኗር ለውጡ 71 በመቶ ሲደርስ፣ ሜትፎርሚን እምብዛም አልረዳቸውም። በእርግዝና ጊዜ ስኳር ኖሯቸው ለነበሩ ሴቶች ግን ሁለቱም እኩል ለእኩል ሠሩ። ስለዚህ መከላከሉም ሰው በሰው ይለያያል።

ለዓይነት 1 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። አንቲቦዲው ታይቶባቸው ስኳራቸውም መዛባት የጀመረ፣ ግን ገና ኢንሱሊን ላላስፈለጋቸው፣ ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉ ነበር ያኔ የተፈቀደው። በጥናቱ በሽታውን በሁለት ዓመት ገደማ አዘግይቷል። ለአንድ ልጅ ሁለት ዓመት ያለ መርፌ ቀላል ነገር አይደለም።

«የሦስት ወሩ ምርመራ አይሳሳትም»

ይህ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ የሚለካው ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሴሉ ወደ 120 ቀን ይኖራል ተብሎ ነው የሚሰላው። ሴሎቹ ቶሎ የሚሞቱበት ሰው፣ ለምሳሌ ሲክል ሴል ወይም የጂ6ፒዲ እጥረት የሚባሉት በዘር የሚወረሱ የደም ችግሮች ያሉበት፣ ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ሊል ይችላል። የብረት እጥረት ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ጣትዎን ወግተው የሚያዩት ስኳር እና የሦስት ወሩ ውጤት ካልተጣጣሙ፣ ሐኪምዎን «በሌላ ምርመራ እናረጋግጥ?» ብለው ይጠይቁ።