በሰሜን ሸዋ የሙያ ብቃት ምዘና ውጤትን ይግባኝ ማለት

የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለው፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ በሙያው ብቁ መሆኑ የሚረጋገጥበት ፈተና ነው። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ጉዳዩ ክብደት አለው። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስትታወቅ የኖረችው ደብረ ብርሃን ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክም አሏት፤ ሥልጠናውን ጨርሶ ምስክር ወረቀቱን ያላገኘ ኤሌክትሪሻን ወይም መካኒክ ግን ባለሙያ ተብሎ ለመቀጠር ይቸገራል።

ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይገለጻል። መለኪያው ለየሙያው የወጣው የሙያ ደረጃ ነው። ያሠለጠነ አካል የራሱን ሠልጣኝ እንዳይመዝን ሥልጠናና ምዘና ተለያይተው እንዲሠሩ ተደርጓል።

ዳግም ምዘናና ይግባኝ በአመልካቾች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ዳግም ምዘና የሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያውን ውጤት ተቀብሎ እንደገና ይፈተናል፤ ይግባኝ ባይ ግን ውጤቱ የተሰጠበት መንገድ ትክክል አልነበረም ይላል። ስለዚህ «ሥራውን አሳምሬ እችላለሁ» የሚል አቤቱታ፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ሩቅ አይሄድም። ክብደት የሚኖረው በብየዳ መካከል መብራት ጠፍቶ የባከነው ጊዜ አለመካካሱን፣ የተሰጠው ማሽን ብልሽት እንደነበረበት፣ የታዘዘው ሥራ ከሙያ ደረጃው ውጭ መሆኑን፣ መዛኙ ከተመዛኙ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለው ወይም ውጤቱ ሲመዘገብ ስሕተት መፈጠሩን ለይቶ የሚያመለክት ማመልከቻ ነው። የምዘናው ቀንና ቦታ፣ ሙያውና ደረጃው፣ በስፍራው የነበሩ ምስክሮችም ይጠቀሳሉ። ችግሩን እዚያው በምዘናው ዕለት ማስመዝገብ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከሰነበተ በኋላ የማሽን ብልሽትን ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ቅሬታው አስቀድሞ ውጤቱን ለሰጠው አካል ይቀርባል። ምላሹ ካላረካ ጉዳዩ ወደ በላይ አካል፣ እስከ ክልል ድረስ ይሄዳል። የክልሉ መዲና ባሕር ዳር ስለሆነች ርቀቱ ራሱ ፈተና ነው፤ በተለመደው መንገድ የሚጓዝ የደብረ ብርሃን ሰው መጀመሪያ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚነሣ ወጣት ደግሞ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻውን አቤቱታውን ሊያስተወው ይችላል። ይህ መብቱን በተግባር ያጠብበታል፤ ቅሬታው በዞን ደረጃ ታይቶ እልባት ቢያገኝ የተሻለ ፍትሕ ይሆናል።

የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ሰው በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል። ተቋሙ የአሠራሩን አግባብነት ይመረምራል እንጂ ብየዳውን ራሱን አይመዝንም።

የፌዴራል ተቋማት የአስተዳደር ውሳኔያቸውን ምክንያት እንዲገልጹ የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የክልል መሥሪያ ቤቶችን አይመለከትም። በመሆኑም የሰሜን ሸዋ አመልካች የውሳኔው ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠው በማመልከቻው ላይ በግልጽ ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ቀጣዩን ይግባኝ የሚመሠርተው በዚያ ወረቀት ላይ ነውና።