ከጎንደር ወጥተው እንግሊዝኛ የገቡ የእንስሳት ስሞች

እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ጌላዳ» የሚል ስም አለ። ብዙው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰምቶት አያውቅም። የደባርቅ ሰው ግን እንስሳውን በየቀኑ ያየዋል፤ የኛው ጭላዳ ነው። ዋልያና ጉሬዛም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ሦስቱንም በሳይንስ ያስመዘገባቸው አንድ ሰው ነው፤ ያውም በአንድ ዓመት።

ሰውየው ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል፣ የፍራንክፈርት ጀርመናዊ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ሰሜንን ደጃዝማች ውቤ ይገዛሉ፤ ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ፣ ሥልጣኑ ግን ለስም ያህል ነው። ሩፔል የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1832 ጎንደር ገባ። ብራና ሰበሰበ፣ የድሮ ሳንቲም ሰበሰበ፣ የእንስሳትና የወፎች ቆዳ ሰበሰበ። አገሩ ሲመለስ ደግሞ በ1835 ያየውን ማሳተም ጀመረ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለነዚህ ያወጣላቸው ግን አገሬው ነው። ሩፔል የሰማውን በላቲን ፊደል ገለበጠ፣ አለቀ። «ጭ»ን የሚይዝ ፊደል ስለሌለው በ«ጂ» ጻፈው፤ ዛሬም አንዱ «ጀላዳ»፣ ሌላው «ገላዳ» እያለ ያነበዋል።

እንግሊዝኛው ለረጅም ጊዜ ከስሙ ኋላ «ባቡን» የሚል ቅጥያ ይለጥፍበት ነበር፤ ዝንጀሮ እንደማለት ነው። አሁን ባለሙያዎቹ ትተውታል፣ ልክም ናቸው። ጭላዳ የዝንጀሮ ዘመድ ቢሆንም ወገኑ ሌላ ነው። ከዚያ ወገን በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሚገኙት በቅሪተ አካል ነው። በዱር የሚኖረውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። የጉዞ መጽሔቶች ደረቱ ላይ ባለው ቀይ ገላ ምክንያት «ልቡ የሚደማ ዝንጀሮ» ይሉታል። ለቱሪስት ይሆናል፤ ሳይንሱ ጋ አልሰራም።

ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ሳንቃበር አካባቢ ጠዋት ያየው ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሲወጣ መንጋው ወደ ሜዳው ይወጣል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሣር መንጨት ነው ሥራው። በሁለት እጁ ይነጫል፣ ጭብጥ ሲሞላ ወደ አፉ ይከታል፣ ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደፊት ይሄዳል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ አጥብቀው ስለሚገጣጠሙ አንዲትን ዘለላ ለይቶ ይነቅላል። ወንዱ ሲቆጣ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱን ያሳያል። ገብስ ማሳ ከገባ ግን ገበሬው ይህን ሁሉ አያደንቅም።

አንድ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ፤ ቤተሰቦች ተሰባስበው በመቶዎች የሚቆጠር መንጋ ይሠራሉ። ይህን ኑሮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሰሜን ተራሮች ላይ ካጠኑት አንዱ ሮቢን ደንባር ነው። አንድ ሰው የቅርብ ግንኙነት ሊኖረው የሚችለው ከ150 ሰው ገደማ ጋር ነው በሚለው ሐሳቡ ዓለም የሚያውቀው እሱ ነው። ስለ ሰው ከመጻፉ በፊት ጭላዳ ሲቆጥር ነበር ማለት ነው።

ጉሬዛ በአንጻሩ የዛፍ ነው። ቅጠል ይበላል፣ ጥቁር ገላው ላይ ረጅም ነጭ ጠጉር ይወርድበታል፣ አውራ ጣት ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ «ጉሬዛ» የሚለውን የምታገኙት ባብዛኛው ሳይንሳዊ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ተራው ሰው «ኮሎበስ» ይለዋል። ዋልያ ስሙን በደንብ ይዟል። በዱር ያለው ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ አንዱ ምክንያት እሱ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከተባለ ወዲህ የውጭ ስፖርት ጋዜጠኛም ሳይወድ በግድ ቃሉን ለምዶታል።

እድለ ቢሱ ቀይ ቀበሮ ነው። ሩፔል በ1840 ለእሱ የአገሬውን ስም ትቶ የቦታውን ሰጠው፤ «ሲመንሲስ»፣ የሰሜን እንደማለት። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛው አርፎ አያውቅም። «የሰሜን ቀበሮ» አሉት፣ «የአቢሲኒያ ተኩላ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዘር ምርመራ ለግራጫው ተኩላ እንደሚቀርብ ካሳየ ወዲህ «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለው እያሸነፈ መጣ። የቦታው ስምም ቢሆን አልሰመረም፤ ዛሬ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ሰሜን ሳይሆን ባሌ ነው።