ስለ ዱብሮቭኒክ የሚወራውና እውነታው

ዱብሮቭኒክ ክሮኤሺያ ውስጥ፣ አድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ፎቶዋን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ቀይ ጣሪያ፣ ወፍራም ግንብ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ባሕር። ታሪኳን ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው አጣሞ ነው፤ ይህ ለእንደዚህ ዓይነት ከተማ አይገባም። ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

«ያዳናት ግንቧ ነው»

ግንቡ በእርግጥ ያስደንቃል። ዙሪያው 1,940 ሜትር ነው፤ ቁመቱ አንዳንድ ቦታ 25 ሜትር ይደርሳል። ከተማዋን ለዘመናት ያቆያት ግን ከድንጋዩ ይበልጥ ድርድሩ ነው። ዱብሮቭኒክ ያኔ ራጉሳ የምትባል ትንሽ ሪፐብሊክ ነበረች። በባሕር በኩል ቬኒስ፣ በየብስ በኩል የኦቶማን ቱርክ አሉ። ሁለቱም ሊውጧት ይችሉ ነበር። እሷ ግን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለሱልጣኑ በየዓመቱ ግብር ትልካለች። ግብሩ 12,500 ዱካት (የወርቅ ሳንቲም) ደርሷል። በምላሹ ነጋዴዎቿ በቱርክ ግዛት ውስጥ እንደልባቸው ይነግዱ ነበር።

አገር ውስጥም አንድ ሰው ገንኖ እንዳይወጣ በጣም ይጠነቀቁ ነበር። ሬክተር የሚባለው መሪ የሚመረጠው ለአንድ ወር ብቻ ነው። በዚያ ወር ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ይኖራል፤ ለመንግሥት ሥራ ካልሆነ መውጣት አይችልም። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፣ እንዳያመልጣችሁ። ይቺው ከተማ በ1416 የባሪያ ንግድን በሕግ ከልክላለች። በ1806 የናፖሊዮን ጦር የገባውም ግንቡን ሰብሮ አይደለም፣ በሩ ተከፍቶለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሪፐብሊኩን አፈረሰው።

«የሚታየው ሁሉ የመካከለኛው ዘመን ነው»

ሚያዝያ ወር 1667 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራርሷት ነበር። ስትራዱን በተባለው ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው፤ ከአደጋው በኋላ በአንድ ፕላን ነው የተሠሩት።

ጣሪያዎቹ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። ግንቡ ላይ ወጥታችሁ ወደ ታች ስታዩ የሸክላው ቀለም አንድ አይደለም። አንዳንዱ ጣሪያ የደበዘዘ፣ ቢጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ነው። ብዙው ግን ደማቅ ብርቱካናማ ነው። በፎቶ ላይ የሚያምረው ይህ ደማቁ ሸክላ በአብዛኛው ከ1991ዱ ጦርነት በኋላ የተተካ ነው። ከተማዋ ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባ ሳለ፣ በ1991 ተከብባ በመድፍ ተደብድባለች። የከፋው ቀን ታኅሣሥ 6 ነበር። የምታገኟቸው የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ያንን ቀን ያውቁታል። ፎቶ ስታነሱ ይህን ብታስታውሱ ደስ ይለኛል።

«ወሸባን የጀመረችው ቬኒስ ናት»

በሕግ ደረጃ የቀደመችው ዱብሮቭኒክ ናት። በ1377 ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው በአቅራቢያ ባሉ ደሴቶች ወይም በጎረቤቷ ከተማ በጻቭታት 30 ቀን ሳይቆይ ከተማ እንዳይገባ ደነገገች። ንግዱ ሳይዘጋ በሽታውን ማጣራት ነው የፈለጉት። ቆየት ብሎ የተሠራው ላዛሬቲ የተባለው የወሸባ ሕንፃ ከምሥራቁ በር ወጣ ብሎ ዛሬም ቆሟል።

«የሸንገን ቪዛ እዚያ አይሠራም»

ይህ የድሮ ወሬ ነው። ክሮኤሺያ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት፤ ገንዘቧም ከዚያው ቀን ጀምሮ ዩሮ ነው። ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዱብሮቭኒክን ከቀረው የክሮኤሺያ ምድር የሚለያት ኔዩም የተባለ የቦስኒያ ቁራጭ መሬት አለ። በ2022 የተከፈተው የፔልየሻጽ ድልድይ ኔዩምን ሳይነካ ያሻግራል። ስፕሊት ከተባለችው የክሮኤሺያ ከተማ በአውቶቡስ የምትመጡ ከሆነ በየት በኩል እንደሚሄድ ትኬት ሳትቆርጡ ጠይቁ። ወደ ሞስታር (ቦስኒያ) ወይም ወደ ኮቶር (ሞንቴኔግሮ) የሚወስዱት የአንድ ቀን ጉብኝቶችም ከሸንገን ያስወጣሉ። ቪዛችሁ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ መመለሻ ታጣላችሁ። የጉብኝት ሻጮች ይህን ላይነግሯችሁ ይችላሉ።

አሸዋ የምትጠብቁም ካላችሁ፣ የባሕሩ ዳርቻ በአብዛኛው ጠጠርና አለት ነው። የውሃ ጫማ ያዙ። ለመዋኘት እኔ የምመርጠው ሎክሩም ደሴትን ነው፤ ከአሮጌው ወደብ በጀልባ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ማደር ግን አይፈቀድም።

«በአውሮፓ በጋ ላይ ካልሆነ አይሞከርም»

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የመርከብ ጎብኚ ስትራዱንን ያጨናንቀዋል፣ ሙቀቱም ከባድ ነው። ግንቡ ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ግንቦትና መስከረም ይሻላሉ። ብርድ ካልፈራችሁ የካቲት 3 ሂዱ፤ የከተማዋ ጠባቂ የቅዱስ ብሌዝ በዓል ነው፣ ሕዝቡ ባንዲራ ይዞ በመንገዱ ይዞራል።

ውሃ መግዛት አያስፈልግም። ከፒሌ በር ገባ እንዳላችሁ በ1438 የተሠራው የኦኖፍሪዮ የውሃ ምንጭ አለ፣ የሚጠጣ ነው፣ ጠርሙሳችሁን ሙሉ። ውድ የሚባለው የግንቡ ትኬት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የዱብሮቭኒክ ፓስ ዋጋን አመሳክሩ። የአንድ ቀኑ ፓስ ግንቡን፣ ሙዚየሞችንና የከተማ አውቶቡስን ያካትታል፣ ዋጋው ከግንቡ ትኬት ጋር ተቀራራቢ ነው። ጠዋት በር እንደተከፈተ ውጡ፤ ዙሩ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ የወደዳችሁት ቦታ ላይ ቆም በሉ፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም።