«95 በመቶ ይከላከላል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በኮቪድ ጊዜ ስለ ክትባቱ ሲወራ ይህን ቁጥር ያልሰማ የለም። ብዙ ሰው ግን «ከተከተቡ 100 ሰዎች 5ቱ ይታመማሉ» ብሎ ነው የተረዳው። እንደዛ አይደለም።

ቁጥሩ ከየት መጣ? በ2020 እ.ኤ.አ. ፋይዘርና ባዮንቴክ የተባሉት የመድኃኒት ኩባንያዎች የኮቪድ ክትባታቸውን ሲሞክሩ ከ43 ሺህ በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ ክትባቱን ወሰደ፣ ግማሹ ምንም መድኃኒት የሌለበት የጨው ውሃ ተወጋ። ማን የትኛውን እንደተወጋ ራሱ ተወጊውም አያውቅም። (እኔ ጥናቱን የማምነው በዋናነት በዚህ ነው፤ «ተከትቤያለሁ» ብሎ የሚዘናጋ ሰው ውጤቱን አያበላሽም።)

ከዚያ ጠበቁ። ከሁለተኛው መርፌ 7 ቀን ካለፈ ጀምሮ በተቆጠረው ጊዜ 170 ሰዎች በኮቪድ ታመሙ። 162ቱ የጨው ውሃ የተወጉት ናቸው። ከተከተቡት የታመሙት 8 ብቻ!

አሁን 8ን ከ162 ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ቡድኖች በቁጥር ተቀራራቢ ስለሆኑ፣ ክትባቱ ባይኖር ኖሮ ከተከተቡትም ወገን 162 ያህል ሰው ይታመም ነበር ማለት ነው፤ ከነዚህ 154ቱ ከመታመም ተረፉ፣ 95 በመቶ የሚባለውም ይሄው ነው። ከተከተቡት ሁሉ አንጻር ካሰላነው ደግሞ የታመመው ከ2 ሺህ ሰው አንድ እንኳን አይሞላም።

አንድ ጎረቤቴ ተከትባ በዓመቱ ስትታመም «ታዲያ 95ቱ የት ገባ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። ቁጥሩ የተለካው በጥናቱ ወራት፣ በዚያን ጊዜ በነበረው ቫይረስ ላይ ነው። በኋላ እንደ ኦሚክሮን ያሉ ዝርያዎች ሲመጡ ከመታመም የሚከላከልበት አቅም ወረደ፤ በጽኑ ከመታመም ግን የተሻለ መከላከሉን ቀጠለ።